ዊንዶውስን እንዳለ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር (ደብረ ማርቆስ)

ማርቆስ_ኮፒ · ግንቦት 11፣ ጠዋት 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ዋናው ማሽኔ ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውስ 10፣ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ጠዋት ከፍቼው ሥራ እስኪጀምር ጎረቤቴ ቡናዋን አፍልታ አቦል ትቀዳለች። ታስክ ማናጀር ላይ ሳየው ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ይውላል። ሰኔ ደግሞ ደረሰ። ተመራቂው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ተሰልፎ "ቆይ አሁን ይከፍታል" ማለት ሰለቸኝ።

240 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ገዝቻለሁ። የሰፈራችን ባለሙያ "ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ እጭንልሻለሁ" አለኝ። እኔ ግን ፎርማት የሚባል ነገር መስማት አልፈልግም። ፓወር ግዕዝ አለኝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ አለኝ፣ የሁለት ነጋዴዎችን ሒሳብ የምሠራበት ፒችትሪ 2010 አለኝ። የአንዱም መጫኛ እጄ ላይ የለም። የጫነልኝ ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ስልኩም አይሠራም።

ያለውን እንዳለ ወደ አዲሱ ማዛወር ይቻላል? ሲ ድራይቭ 150 ጊጋ ነው፣ 90 ያህሉ ተይዟል። ቀሪው ዲ ነው፣ የደንበኛ ፋይል ሞልቶበታል።

---

የጣናው_ጠጋኝ (ባሕር ዳር) · ግንቦት 11፣ ጠዋት 3፡55

ይቻላል እህቴ። ክሎን ማድረግ ነው የሚባለው። ግን ካቻቢቴ ከማንሳትሽ በፊት የዲስኩን ጤና እይ።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለች። ከፍተሽ በስተግራ ከላይ ያለውን ቀለም ንገሪኝ። ሰማያዊ ሆኖ "ጉድ" ካለ እንቀጥላለን። ቢጫ ሆኖ "ኮሽን" ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ቀይ ከሆነ ማሽኑን አጥፊውና ከዚያ እናወራለን።

ሁለተኛ፣ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተሽ "ዲስክ 0" የሚለው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቮልዩምስ። ኤምቢአር ነው ወይስ ጂፒቲ? (ዲስኩ ክፍልፋዮቹን የሚመዘግብባቸው አሮጌና አዲስ ዘዴዎች ናቸው።)

---

ዳሞት27 (ፍኖተ ሰላም) · ግንቦት 11፣ ከቀኑ 5፡10

ለምን ትደክማላችሁ? ባለሙያው ልክ ነው። ክሎን ካደረግሽ የስንት ዓመት ቆሻሻ ከነቫይረሱ ነው አብሮ የሚሄደው። አዲስ ዊንዶውስ አዲስ ዲስክ ላይ ሲጫን ነው ደስ የሚለው። እግረ መንገድሽን ዊንዶውስ 11 ትጭኛለሽ። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

---

ማርቆስ_ኮፒ · ግንቦት 11፣ ከቀኑ 6፡02

ወንድሜ ዊንዶውሱማ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የኔ ችግር ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገርህ። አንድ አባት የድሮ የቤት ሽያጭ ውል በፍላሽ ይዘው መጡ። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። ሌላ ቤት ወስደውት የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ወጣባቸው፣ ፎንቱ የለማ። እኔ ጋ ሲከፈት ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ደንበኛ እዚህ የሚመጣው ለዚያ ነው። ፒችትሪውማ ከጠፋ ነጋዴዎቹ ምን ይሉኛል?

ጠጋኙ፣ ሰማያዊ ነው፣ "ጉድ" ይላል። ዲስኩ ኤምቢአር ነው።

---

ደጀን_ዳገት · ግንቦት 11፣ ከቀኑ 7፡30

ፎንቱ እንኳ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንትስ ፎልደር ኮፒ አድርጎ አዲሱ ላይ መጫን ነው። ፒችትሪ ግን እንደዚያ አይሆንም። ፎልደሩን ኮፒ ስላደረግሽው አይሠራም። ሬጂስትሪው (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ሥር የሰደደ ነው፣ ፐርቬሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሰርቪስም አለው። ስለዚህ መጫኛው ለሌለው ሰው ክሎን ነው የሚያዋጣው። ዳሞት የሚለው እውነት የሚሆነው መጫኛው ሁሉ በእጁ ላለ ሰው ነው።

---

አዊ_ፈረስ (እንጅባራ) · ግንቦት 11፣ ከቀኑ 8፡15

ራም ወደ 16 ብታሳድጊው አይሻልም ነበር?

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 11፣ ከቀኑ 9፡00

አይሻልም። 8 ጊጋ ለጽሕፈትና ለፒችትሪ ይበቃል። ማነቆው ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም ሲያነብ ብዙም አያሳፍርም፣ በሰከንድ 100 ሜጋ አካባቢ ይሄዳል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚያነበው ሺህ ትናንሽ ፋይል ነው። የዲስኩ ክንድ ለእያንዳንዱ ወዲያና ወዲህ መሮጥ አለበት፣ ሳህኑም እስኪዞርለት መጠበቅ አለበት። ኤስኤስዲ የሚሮጥ ክንድ የለውም።

ዊንዶውስ 11 ላላችሁት፣ የእሷ ፕሮሰሰር 4ኛ ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት በኢንቴል በኩል የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ፣ እኔ ግን ለሥራ ማሽን አልመክርም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማብቃቱን ግን እወቂው። ሒሳብ የሚሠራበት ማሽን ላይ የማይታወቅ ፍላሽ ስትሰኪ ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ፒችትሪን ከፍተሽ ከራሱ ከፋይል ሜኑ የየድርጅቱን ባክአፕ አውጪና ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ዲ ላይ አይደለም፣ ዲም ያው አሮጌው ዲስክ ነው። የማይተካ ሰነድ ካለሽም እዚያው ፍላሽ ላይ። ክሎኑ ሰላም ቢሆንም ባይሆንም ይህ አይቀርም።

ቀጥሎ መጠኑ። የገዛሽው 240 ጊጋ ዊንዶውስ ላይ 223 ሆኖ ነው የሚታይሽ። አትደንግጪ፣ ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። 500ው ደግሞ 465 ይላል። ስለዚህ ሙሉ ዲስኩ አይገባም። አንቺ ግን ሙሉው አያስፈልግሽም። ሲ ድራይቭና ከፊቱ ያለችው "ሲስተም ሪዘርቭድ" የምትባል ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ይበቃሉ። ዲ ባለበት ይቆይ። ዴስክቶፕ ስለሆነ ሁለቱም ዲስክ አብረው ይኖራሉ።

ያቺን ትንሿን ፓርቲሽን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ማስነሻው ያለው እሷ ላይ ነው። ሲን ብቻ ያዛወረ ሰው ማሽኑ አልነሳም ብሎ ይመጣል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ክሎንዚላ ነጻ ነው፣ ጎበዝም ነው፣ ግን እንዳለ ከተጠቀምሽበት መድረሻው ዲስክ ከመነሻው ካነሰ አይቀበልም። ማክሪየም ሪፍሌክት ነጻ የነበረው ቀርቷል፣ አሁን የሙከራ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። የኤስኤስዲው ፋብሪካ የራሱ ፕሮግራም ካለው ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ዲስክጂኒየስ ላይም "ሲስተም ማይግሬሽን" የሚል አለ። የሲስተሙን ፓርቲሽኖች ለይቶ፣ መጠኑን እዚያው አስተካክሎ ይወስዳል። አሮጌውን አይነካውም።

---

ማርቆስ_ኮፒ · ግንቦት 11፣ ከቀኑ 10፡40

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። እዚህ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። መሀል ላይ ቢጠፋስ?

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 1፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው የሚፈራው ክሎኑን ነው፣ አደጋው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ክሎን ሲደረግ አሮጌው ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ የሚበላሸው አዲሱ ላይ የተጻፈው ግማሽ ነገር ነው። መብራት ሲመጣ አሮጌው እንደወትሮው ይነሳል፣ አንቺም ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። የሚጠፋው ጊዜሽ ነው።

ፓርቲሽን ማጥበብ ግን ወዮ ነው። አንዳንዱ "መጀመሪያ ሲን ሽሪንክ አድርጊ" ይልሻል። ያኔ አሮጌው ራሱ ላይ ፋይል ከቦታ ወደ ቦታ እየተነሳ ነው። በዚያ መሀል መብራት ከሄደ የሚተርፈው ፋይል የዕድል ጉዳይ ነው። ያለ ዩፒኤስ ዴስክቶፕ ላይ አላደርገውም። ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አንቺ ማጥበብ አያስፈልግሽም፣ 90 ጊጋ 223 ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል።

---

ቡሬ_ኔት · ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 2፡05

እኔ ደግሞ ሌላ ልጠይቅ፤ 240 የተባለው 240 ነው ወይ? እዚህ በርካሽ የሚመጣ "2 ቴራ" ኤስኤስዲ አይተናል። ሲከፈት ውስጡ አንዲት ትንሽ ሜሞሪ ካርድ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ 2 ቴራ ይላል፣ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈው የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ባዶ ሳለ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ፈትሺው። ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፣ መልሶ ያነበዋል። ሁሉም ልክ ከመጣ እውነተኛ ነው። ከዚያ ፎርማት አድርገሽ ሥራሽን ቀጥይ።

---

መምህሩ_ከሞጣ · ግንቦት 12፣ ጠዋት 1፡40

ሰላም ልጆች። ክሩን ሳነብ የኔንም ላፕቶፕ በዚያችው ፕሮግራም አየሁት። ቢጫ ነው። "ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር ካውንት" ከሚለው ፊት ለፊት ብዙ ዜሮ አለና መጨረሻው ላይ 1ኤ ይላል። ቁጥርና ፊደል ተቀላቅሎ ምን ማለት ነው? ዲስኩ 500 ጊጋ ነው። የተማሪዎቼ የብዙ ዓመት የፈተና ጥያቄና ውጤት እዚህ ነው ያለው። ቼክ ዲስክ ላስደርገው እያሰብኩ ነበር።

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 12፣ ጠዋት 2፡10

መምህር፣ እባክዎ ቼክ ዲስክ አያስነኩት! ማርቆስ ትቆየኝ፣ ይህ ይቀድማል።

1ኤ ያለው በ16 ቤት ስለሚቆጥር ነው። በእኛ አቆጣጠር 26 ነው። ፋንክሽን፣ ከዚያ አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዚያ ሮው ቫሉስ የሚለው ውስጥ 10 ቤቱን ቢመርጡ በተራ ቁጥር ያሳይዎታል። ትርጉሙ ዲስኩ ላነባቸው ብሎ ያቃቱት 26 ቦታዎች አሉ ማለት ነው። 26 ብዙ አይመስልም። ነገር ግን አንዴ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል፣ ባንድ ጀምበርም ሊብስ ይችላል።

ቼክ ዲስክ የሚሠራው የፋይል መዝገቡን ለማስተካከል ነው፣ ፋይልዎን ለማዳን አይደለም። የታመመውን ዲስክ ሲያመላልሰው ይውላል፣ ያላነበበውንም ቆርጦ ሊጥለው ይችላል።

ዛሬ የሚያደርጉት፣ ፈተናውንና ውጤቱን፣ እሱን ብቻ፣ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ፊልምና መዝሙር ይቆይ። አንዱ ፋይል ላይ ካቆመ ይለፉት፣ ደጋግመው አይሞክሩ። ከዚያ ላፕቶፑን ያጥፉ። ዊንዶውሱን ስለማዛወር በኋላ እናስባለን።

---

ደጀን_ዳገት · ግንቦት 12፣ ጠዋት 2፡45

መምህር፣ ጠጋኙን ይስሙት። አንድ ደንበኛ ቢጫ የሆነ ዲስክ ይዞ ሌላ ቦታ "ክሎን አድርጉልኝ" ብሎ ሰጥቶ ነበር። ፋይሉን ማንም ቀድሞ አላወጣለትም። ክሎኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። እኔ ጋ ሲመጣ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) እንኳ አላየውም። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ አንድ ሙሉ ንባብ እንኳ ትልቅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ንባብ ለሚያስፈልገው ፋይል ይሁን።

---

መምህሩ_ከሞጣ · ግንቦት 12፣ ከቀኑ 5፡50

ፈተናውና ውጤቱ ወጥቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ፋይል እምቢ አለ፣ ትቼዋለሁ። ባለ 1 ቴራ ኤክስተርናል ከልጄ አገኛለሁ። ዊንዶውሱንስ ማትረፍ ይቻላል?

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 12፣ ከቀኑ 7፡20

ሊቻል ይችላል መምህር። ግን በዊንዶውስ ፕሮግራም አይደለም። ሲስተምሬስኪው የሚባል ሊኑክስ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ላፕቶፑም ከእሱ ይነሳል። እዚያ ውስጥ ዲዲሬስኪው የሚባል አለ። ዘዴው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል። የሚያስቸግረውን ዘሎ ያልፋል። ወደ ክፉዎቹ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። የደረሰበትን ማፕ ፋይል በሚባል ላይ እየመዘገበ ስለሚሄድ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ለአገራችን የተሠራ ነው የሚመስለው።

ኤክስተርናሉ ላይ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ያስቀምጡት፣ ያለበለዚያ የልጅዎን ፋይል ደምስሶ ይጽፍበታል። ባዶው ከ500 ጊጋ መብለጡን ያረጋግጡ። ማጥበቡም ማስተካከሉም ከዚያ ኮፒ ላይ ይሠራል፣ የታመመው ዲስክ ከዚህ በኋላ ይረፍ።

ትዕዛዙን ሲጽፉ መነሻና መድረሻው እንዳይገለበጥ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ። ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚዘጋው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የማስከፈቻ ቁጥር ቀድመው ወረቀት ላይ ይጻፉ።

---

ማርቆስ_ኮፒ · ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 12፡30

እኔም ተመለስኩ። ኤስኤስዲውን ፈተሽኩት፣ እውነተኛ ነው። ሳታ ኬብሉን ከአሮጌ ማሽን ፈታሁ። መያዣ ብሎን ስላልነበረው ለጊዜው በፕላስተር አሰርኩት። በዲስክጂኒየስ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ። መብራትም አልሄደም!

አሁን ግን ስከፍተው ሰማያዊ ስክሪን ሆኖ "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ" ይለኛል። ባለሙያው አብሮኝ ነበር። "ለኤስኤስዲ ኤኤችሲአይ ነው የሚሻለው" ብሎ ባዮሱ ላይ ከአይዲኢ ቀይሮት ሄዷል።

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 1፡00

ሐሳቡ ልክ ነው፣ አካሄዱ ነው ያልሆነው። አይዲኢና ኤኤችሲአይ ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርባቸው አሮጌና አዲስ ዘዴዎች ናቸው። ዊንዶውሱ አይዲኢ ላይ ሆኖ ነው የተጫነው። ባንዴ ሲቀየርበት ዲስኩን የሚያነብበት ድራይቨር አልተዘጋጀለትም። ምንም አልተበላሸም።

ባዮስ ግቢና ወደ አይዲኢ መልሺው። ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ኤምኤስኮንፊግ ክፈቺ፣ ቡት የሚለው ውስጥ "ሴፍ ቡት" ላይ ራይት አድርጊ። ሪስታርት ስታደርጊ በቀጥታ ባዮስ ግቢና አሁን ኤኤችሲአይ አድርጊው። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሳል፣ ድራይቨሩንም ያኔ ያገኘዋል። ከዚያ የሴፍ ቡቱን ምልክት አንሺና እንደገና ሪስታርት።

ይህን ሁሉ ስታደርጊ የአሮጌው ዲስክ ዳታ ኬብል ይነቀል። ክሎን የሆኑ ሁለት ዲስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ከተነሱ ዊንዶውስ የቱ የቱ እንደሆነ ሊምታታበት ይችላል። ሰው አዲሱ የተነሳ መስሎት በአሮጌው ሲሠራ የሚከርመው በዚህ ነው።

---

ማርቆስ_ኮፒ · ግንቦት 14፣ ጠዋት 2፡25

ተነሳ!! ወንድሜ ተባረክ። ስም ሳልጽፍ ዴስክቶፑ ፊቴ ላይ ነው። ፓወር ግዕዙም አለ፣ ፎንቶቹም አሉ፣ ዊንዶውሱም አክቲቬት እንደሆነ ነው።

አሮጌውን መልሼ ስሰካው ግን ዲ የለም። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ "ኦፍላይን" ይላል። ፒችትሪም ኩባንያዎቹን አጣኋቸው አለኝ፣ ዳታውን ያስቀመጥኩት ዲ ላይ ነበር።

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 14፣ ጠዋት 2፡50

የጠበቅሁት ነው። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይዘዋል፣ ስለዚህ ዊንዶውስ አንዱን ከጨዋታ አወጣው። "ዲስክ 1" የሚለው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ "ኦንላይን" በይው። አዲስ መለያ ይሰጠዋል። የፓርቲሽኑ ፊደል ግን ሊቀየር ይችላል፣ ኤፍ ወይም ጂ ሊሆን ይችላል። "ቼንጅ ድራይቭ ሌተር" ብለሽ ዲ አድርጊው። ፒችትሪ መንገዱን በፊደሉ ነው የሚያስታውሰው።

አክቲቬሽኑ የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም።

አንድ ቀሪ ነገር። "ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ" ክፈቺና አዲሱን "ሶሊድ ስቴት ድራይቭ" ብሎ ማወቁን እይ። ካላወቀው እንደ ሃርድ ዲስክ ዲፍራግመንት ሊያደርገው ይችላል፣ ያ ለኤስኤስዲ ድካም ብቻ ነው።

---

ዳሞት27 · ግንቦት 14፣ ጠዋት 4፡30

እሺ ለእሷ ክሎኑ ሠርቷል፣ አልክድም። ግን ቫይረስ ስካን አድርጊ። ኮፒ ቤት ማሽን ላይ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ አንቺው ታውቂዋለሽ። አሮጌው ሲስ ምን ይሁን? ደምስሳ ቦታውን ብትጠቀምበትስ?

---

ማርቆስ_ኮፒ · ግንቦት 14፣ ጠዋት 4፡45

ዲ ተመለሰ፣ ፒችትሪም ሁለቱንም ኩባንያ ከፈተ። ስካኑን ማታ አደርጋለሁ። እኔም ልጠይቅ ነበር፣ አሮጌው ሲ ላይ 150 ጊጋ ቁጭ ብሏል።

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 14፣ ከቀኑ 6፡10

ሰኔ ይለፍ። ሥራ በበዛበት ወር ሲሠራ የነበረ ዊንዶውስ አይደመሰስም። አዲሱ አንድ ነገር ቢሆን አሮጌው አለልሽ። ግን መለያ ቁጥሩ ስለተቀየረ ማስነሻውን መጠገን፣ ባዮሱንም ወደ አይዲኢ መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ያኔ ጻፊልኝ።

ሐምሌ ላይ ስትደመስሺ፣ መጀመሪያ አሮጌውን ነቅለሽ አዲሱ ብቻውን መነሳቱን እንደገና እይ። ከዚያ አሮጌው ሲ ፎርማት ይደረግ። አሮጌዋን ሲስተም ሪዘርቭድ ከመንካትሽ በፊት ግን የዲስክ ማኔጅመንቱን ስክሪን ሹት እዚህ ለጥፊልኝ። "ሲስተም" የሚለው ጽሑፍ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ አብረን እናያለን።

---

መምህሩ_ከሞጣ · ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 2፡00

የእኔው ዲዲሬስኪው እየሄደ ነው። የአይሲቲ መምህራችን አጠገቤ አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ነበር፣ የላፕቶፑም ባትሪ አልቻለም። ሲመጣ ያው ትዕዛዝ ተጽፎ ካቆመበት ቀጠለ። ሲጨርስ ምን እንደምናደርግ እጠይቃችኋለሁ።

---

የጣናው_ጠጋኝ · ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 2፡15

አዲስ ክር ይክፈቱለት መምህር፣ ረጅም ነው። ማፕ ፋይሉ የት እንደተቀመጠም ይጻፉልን፤ ፍላሹ ላይ ወይም ኤክስተርናሉ ላይ መሆን አለበት። ሲስተምሬስኪው ሜሞሪ ላይ ከተተወ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከመብራቱ በኋላ ከቀጠለ ግን ደህና ቦታ ነው ያለው ማለት ነው።